የየኔታ ሱባኤና የነቀዝ ኪኒን

ይህን ለመጻፍ ከተቀመጥኩ ወዲህ ሦስት ጊዜ ተነስቼ በሩን ከፍቼ ተመልሻለሁ። ባለቤቴ «ምን ሆነሃል አንተ ሰው፣ ይበርዳል እኮ!» ትላለች። እውነቷን ነው፣ የዳባት ብርድ ቀልድ አያውቅም። እኔ ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ረጋ ብዬ መቀመጥ ካቃተኝ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ለምን እንደሆነ ላጫውታችሁ።

ዛሬ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። ያኔ ደባርቅ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ በዚያ ላይ ዲያቆን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አፉ ከጭንቅላቱ የሚቀድም ጎረምሳ ነበርኩ። ትውልዴ በየዳ ነው። በዘጠኝ ዓመቴ ከአጎቴ ጋር ሳንቃ በር የሚባለውን የተራራ መተላለፊያ በእግር አቋርጬ የየኔታ ጥበቡ ጉባኤ ቤት ገባሁ። ጉባኤ ቤቱ ከደባርቅ ወደ ዳባት ሲሄዱ እመንገድ ላይ ወርደው ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር የሚገቡበት መንደር ውስጥ ነበር። ንባቡንም፣ ዜማውንም፣ ቅኔውንም ያስያዙኝ እሳቸው ናቸው። ትኩሳት ሲጥለኝ የራሳቸውን ጋቢ አውልቀው ያለበሱኝም እሳቸው ናቸው። አስኳላ ልግባ ስላቸው ሌላ መምህር ቢሆን ይረግመኝ ነበር፣ የኔታ ግን «ሂድ፣ ሁለቱንም ከያዝህ እኔ ምን ከፋኝ» ብለው መረቁኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ደባርቅ በተከራየኋት ክፍል፣ ቅዳሜና እሁድ ከየኔታ ዘንድ ነበር የምኖረው።

በቃል በመያዝ ማንም አይደርስብኝም ነበር። ዳዊት በቃሉ የደገመ ሰው ፔሪዮዲክ ቴብል ምን ይገደዋል? በሳምንት ውስጥ እንደ ውዳሴ ማርያም አወረድኩት። የኦክሲዴሽን ቁጥር የሚባለው ትምህርት ሲመጣም እንዲሁ በዜማ ያዝኩት። «ሃይድሮጅን አንድ ሲደመር፣ ኦክስጅን ሁለት ሲቀነስ፣ አሉሚኒየም ሦስት ሲደመር፣ ፎስፎረስ አምስት ሲደመር...» እያልኩ ስሄድ የክፍል ጓደኞቼ በሳቅ ይፈርሱ ነበር። ፈተና ላይ ግን ማርኩ የኔ ነው። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ስሙን ካወቅሁ ነገሩን ያወቅሁ ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ የሆነው በሁዳዴ ጾም ነው። ምእመናን ለተማሪው ቀለብ የሰጡት ስንዴና ገብስ ነቀዝ ገባበት። የእህል ማስቀመጫው ጎጆ ጣሪያው ስለሚያፈስ ጆንያዎቹ የተደረደሩት የየኔታ መኝታ ክፍል ውስጥ ነበር። «ከደባርቅ መድኃኒት ይዘህ ና» ተባልኩ። በቅዳሜ ገበያ አንዱ ሱቅ ጠይቄ ገዛሁ። ነጋዴው ከቆርቆሮው ውስጥ ኪኒኖቹን እየቆጠረ በላስቲክ ቋጠረልኝ፣ እኔም ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ስም አነበብኩ። የራስ ቅል ሥዕልም ነበረበት። ለነቀዙ ነው ብዬ አለፍኩት።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ኪኒኖቹን በጨርቅ እየጠቀለልኩ በየጆንያው ስከት የኔታ ምርኩዛቸውን ይዘው ገቡ። ዓይናቸው ከፈዘዘ ቆይቷል፣ መልክ አይለዩም ነበር።

«አስረስ፣ ይኸ የምትከተው ምንድር ነው?»

«የነቀዝ መድኃኒት ነው የኔታ።»

«እሱንማ እኔው ነኝ ያስገዛሁህ። ስሙ ማነው? ምንነቱ ነው የቸገረኝ። እዚሁ ነው የምተኛ፣ ዛሬ ማታ ደግሞ ሱባኤ እገባለሁ።»

ደረቴን ነፋሁ። የአስኳላው ትምህርቴ ለየኔታ የሚጠቅምበት ቀን እንዲህ በቶሎ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

«አሉሚኒየም ፎስፋይድ ይባላል። አሉሚኒየም ማለት የብረት ድስቱ የተሠራበት ነው። ፎስፎረስ ደግሞ አጥንታችን ውስጥ ያለ ነው፣ በማዳበሪያው፣ በዳፑ ውስጥም እሱ ነው ያለው። የሁለቱ ድምር ነው።»

«እንግዲያስ ሰው አይጎዳም?»

«ድስትና ማዳበሪያ ምን ይጎዳል የኔታ!»

ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። እህታቸው እማሆይ ወለተ ሥላሴ ለሱባኤው ብለው ግድግዳውንና ወለሉን በጭቃና በእበት አዲስ ለቅልቀውት ስለነበር ክፍሉ ገና አልደረቀም። ብርድ እንዳይገባ መስኮቷን በአሮጌ ነጠላ ወተፏት። የኔታ ጥቂት ሽምብራ ቆሎና አንድ ቅል ውሃ ይዘው ገቡና ከውስጥ ቀረቀሩ። እስከሚቀጥለው እሁድ ማንም አይጠራቸውም፣ እሳቸውም አይወጡም። እኔ ጀንበር ሳትጠልቅ መኪና ይዤ ወደ ደባርቅ ተመለስኩ።

ማክሰኞ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ኬሚስትሪ ነበር። መምህርታችን ቲቸር ሃና ከጎንደር የመጣች፣ ቁጣዋ የማይከብድ ግን ዓይኗ የማያልፍህ ሴት ነበረች። ሰሌዳው ላይ ፎስፎረስ ያለባቸውን አራት ነገሮች ጻፈችና «አስረስ፣ ና የፎስፎረሱን ኦክሲዴሽን ቁጥር አውጣ» አለችኝ። ተንደርድሬ ወጣሁና በአራቱም ሥር አምስት ሲደመር ጽፌ ጠመኔውን መለስኩላት።

«በቃ?» አለች።

«በቃ ቲቸር። ፎስፎረስ አምስት ሲደመር ነው።»

ክፍሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። «አንተ ዲያቆን፣ በቃልህ ታወርደዋለህ እንጂ አልቆጠርከውም። ይህ ቁጥር የአቶሙ መታወቂያ አይደለም። ከማን ጋር እንደተጣመረ፣ ሰጥቶ ይሁን ወስዶ የሚነግርህ ሂሳብ ነው። ጓደኛው ሲለወጥ እሱም ይለወጣል። ይሄን የመጨረሻውን እንደገና ሥራው።»

የመጨረሻው አንድ አሉሚኒየምና አንድ ፎስፎረስ ብቻ ነበር። አሉሚኒየም ሦስት ሲደመር ነው። የሁለቱ ድምር ዜሮ መሆን አለበት። ስለዚህ ፎስፎረሱ... ጠመኔው እጄ ላይ ቆመ። ሦስት ሲቀነስ።

«ጎበዝ! አየህ፣ እዚህ ፎስፎረሱ ሰጪ ሳይሆን ወሳጅ ነው። ከአሉሚኒየሙ ሦስት ኤሌክትሮን ወስዶ ይዟል። አሁን እርጥበት ቢያገኘውስ? ውሃ ውስጥ ሃይድሮጅን አለ፣ እያንዳንዱ አንድ ሲደመር። ስንት ሃይድሮጅን ያስፈልገዋል?»

«ሦስት» አልኩ። 

«ሦስት። ያን ጊዜ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ሰው በተኛበት የሚገድል መርዝ ነው። ይሄ የጻፍኩላችሁ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ቤታችሁ ያለው የነቀዝ ኪኒን ነው። ለፈተና ብቻ እንዳይመስላችሁ።»

ቀጥላ የተናገረችውን አልሰማሁም። የረጠበው ግድግዳ፣ የተወተፈችው መስኮት፣ ከውስጥ የተቀረቀረው በር ፊቴ ላይ ተደረደሩ። እሁድ ማታ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ። ደብተሬን እንኳ ሳልይዝ ወጣሁ። «አስረስ!» ብላ ስትጣራ የግቢውን በር አልፌ ነበር።

በመንደሩ ስልክ ያላቸው አንድ ጎረቤት ብቻ ነበሩ። ደወልኩ፣ ጥሪ አይቀበልም። እየሮጥኩ ደወልኩ፣ አሁንም አይቀበልም። መናኸሪያ ስደርስ የዳባት ሚኒባስ ውስጥ አራት ሰዎች ተቀምጠዋል። ረዳቱ «ግባ፣ አሁን ይሞላል» ይለኛል። ገባሁ፣ ወጣሁ፣ ደግሞ ገባሁ። አንዲት እናት «ልጄ፣ ምነው፣ ቁንጫ በላህ እንዴ?» አሉኝ። ዘልዬ ወረድኩና አንዱን ባጃጅ አስቆምኩ።

«ከከተማ አልወጣም ወንድሜ፣ ትራፊክ ይይዘኛል» አለ ሾፌሩ። በእኔ ዕድሜ ያለ ጌትነት የሚባል ልጅ ነበር።

«መምህሬን ገድያለሁ!» አልኩት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

አፍጥጦ አየኝና «ግባ» አለ።

ባጃጅ ዳገት ላይ እንዴት እንደሚያቃስት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ወርጄ ልግፋው ወይስ ልሩጥ እያልኩ ተቁነጠነጥኩ። ጌትነት «አትወዛወዝ፣ ትገለብጠናለህ!» ብሎ ጮኸብኝ። መሃል ላይ የአስፋልቱን ስፋት ሁሉ የያዙ በጎች ገጠሙን፣ እነሱ እስኪያልፉ ጥፍሬን እበላ ነበር። ነገሩን ባጭር ባጭሩ ነገርኩት። «ታዲያ አንተ ምን አጠፋህ? ሳታውቅ ነው» አለኝ። ያናደደኝ እሱ ነው። አለማወቄን ባውቅማ ዝም እል ነበር፤ ያወቅሁ መስሎኝ ነው የተናገርኩት። ከአስፋልቱ ዳር «እዚህ ጠብቀኝ» ብዬው በማሳው መሃል ሮጥኩ።

ግቢው ጸጥ ብሏል። ተማሪዎቹ ቁራሽ ልመና ወጥተዋል። እማሆይ የየኔታ በር ላይ በርጩማ አድርገው መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

«እማሆይ፣ በሩን ያስከፍቱት!»

«ዝም በል! ሱባኤ ላይ ናቸው» አሉ በሹክሹክታ።

«መርዝ ነው! ያ ኪኒን መርዝ ነው!»

«አንተው አይደለህ ድስትና ማዳበሪያ ነው ያልህ? እኔም ሰምቻለሁ።»

«ተሳስቼ ነው! ድምፃቸውን ከሰሙ ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

እማሆይ ቆራጥ ሴት ናቸው። ከበሩ አልተነሱም። «ሰኞ ለት ሲያስመልሳቸው ሰማሁ። ሌሊቱን ሲያቃስቱ አደሩ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ አንድ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ። ፈተና ነው ልጄ። ሱባኤ ሲይዙ ጠላት አይተኛም። እሳቸውም "የመጣ ቢመጣ በሩን እንዳትከፍችብኝ" ብለውኛል። ቃላቸውን እንዳፈርስ ትሻለህ?»

ወድጄ አይደለም፣ መሬት ላይ ተደፍቼ እግራቸውን ያዝኩ። «እማሆይ፣ የሚያሰቃያቸው ጠላት እኔ ነኝ። በእጄ ነው ያስገባሁት። ሱባኤውን ያፈረስኩት እኔ ልሁን፣ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን። ይክፈቱልኝ!»

 ከዚያ መቁጠሪያቸውን አንገታቸው ላይ አጠለቁና ወደ ማጀት ገቡ። በጸሎት ሊያሸንፉኝ ነው ብዬ ተስፋ ስቆርጥ ምሳር ይዘው ወጡ። «በል፣ ከመወርወሪያው በኩል ምታ። እሱ ነው የሳሳው» አሉኝ።

በአራተኛው ምት በሩ ወደ ውስጥ ወደቀ። የነጭ ሽንኩርትና የበሰበሰ ዓሣ ዓይነት ሽታ ፊቴን መታኝ። ዘልዬ ልገባ ስል እማሆይ ከወገቤ ያዙኝ። «ነፋሱ ይግባ መጀመሪያ!» አሉ። ኬሚስትሪ የተማርኩት እኔ፣ የሚያስቡት እሳቸው። በውጭ ዞረው በመስኮቷ የተወተፈውን ነጠላ ጎትተው ጣሉት። ነፋሱ ከጀርባዬ ወደ ውስጥ ሲገባ ትንፋሼን ይዤ ገባሁ። የኔታ ከመደቡ ወድቀው በጎናቸው ተጋድመዋል። በጋቢያቸው ጎትቼ ወደ ፀሐይ አወጣኋቸው። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ትንፋሽ ግን አለ፣ የሚቆራረጥ።

«ማነው?» አሉ።

«አስረስ ነኝ የኔታ።»

«እሁድ ደረሰ እንዴ?»

እማሆይ ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት። ጎረቤት ጮኸን ጠራን፣ ቃሬዛ ተሠራ፣ ስምንት ሰው እየተፈራረቀ አስፋልት አደረሳቸው። ጌትነት ሳይሄድ ጠብቆኝ ነበር። መንገድ ላይ ወጥቶ ሁለት እጁን ዘርግቶ አንድ አይሱዙ አስቆመልን። ደባርቅ ሐኪም ቤት እስክንደርስ ጭንቅላታቸውን ጭኔ ላይ አድርጌ ትንፋሻቸውን ቆጠርኩ። አንዱ ሲዘገይ የኔ ልብ ይቆማል፣ ሲመለስ ይመለሳል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የቆጠርኩት ነገር የለም።

ሐኪሙ ነገሩን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። «ለዚህ ማርከሻ የለውም። ኦክስጅን እንሰጣቸዋለን፣ ልባቸውን እንጠብቃለን፣ ከዚያ ጊዜ ነው» አለኝ። የክፍሉ ጣሪያ ሳር መሆኑን ሲሰማ ደግሞ «ቆርቆሮ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ አትመጡም ነበር። በሳሩ እየወጣ ነው የተረፉት» አለ። ሁለት ሌሊት ኮሪደሩ ላይ ከወዲህ ወዲያ ስመላለስ አነጋሁ። ነርሷ «ተቀመጥ፣ ወለሉን ጨረስኸው» ትለኛለች። መቀመጥ ከየት ይምጣ!

ሐሙስ ረፋዱ ላይ የኔታ አስጠሩኝ። አልጋቸው ሥር ተንበርክኬ ያዘጋጀሁትን ይቅርታ ስጀምር እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ። ነርሷ "ማነው አይጎዳም ያለዎት?" ብትለኝ "ሳልጠይቅ ነው" አልኋት።»

«ጠይቀውኛል እኮ የኔታ! እኔ ነኝ የዋሸሁት።»

«አልዋሸህም። ንባቡን ነገርኸኝ፣ እኔም በንባብ ተቀበልሁ። ትርጓሜውን ሳይጠይቅ የተቀበለ መምህር እኔ ነኝ። ተማሪ ቢሆንማ በገሠጽሁት ነበር።» አረፍ አሉ፣ መናገሩ ያደክማቸው ነበር። «በል አሁን ተርጉምልኝ። አንዱ ፎስፎረስ እንዴት እህል ያበቅላል፣ እንዴትስ ይገድላል?»

ስንት ጊዜ በዜማ ያወረድኩትን ነገር ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ አስቤ ተናገርኩት። «በማዳበሪያው ውስጥ ያለው ከኦክስጅን ጋር ነው። ለእሱ አምስት ሰጥቶ ጨርሷል፣ ስለዚህ አርፎ ይቀመጣል። በኪኒኑ ውስጥ ያለው ግን ከአሉሚኒየሙ ሦስት ወስዶ የያዘ ነው። እርጥበት ሲያገኝ አሉሚኒየሙን ጥሎ ከውሃው ሃይድሮጅን ጋር ይወጣል። አቶሙ አንድ ነው የኔታ። ከማን ጋር እንደሆነ፣ ሰጥቶ ይሁን ወስዶ፣ ያ ነው የሚለየው።»

«ስሙስ ይህን ይናገራል?»

«ይናገራል። ማዳበሪያው ፎስፌት ነው፣ ኦክስጅን አለበት ማለት ነው። ኪኒኑ ፎስፋይድ ነው፣ ኦክስጅን የለውም፣ ከብረቱ ወስዷል ማለት ነው።»

«እንግዲያ ስሙ አስቀድሞ ነግሮሃል» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቁጣ የለበትም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ያለውን እኔን ነው የምታነቡት። አሁን ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼ የኦክሲዴሽን ቁጥር በዜማ ሲያወርዱ ስሰማ ጠመኔዬን አስቀምጬ «ማን ሰጠ? ማን ወሰደ?» እላቸዋለሁ። መልሱን ሳይሆን መንገዱን እጠይቃለሁ። አንዳንዶቹ ነዝናዛ ይሉኛል፣ ይበሉኝ። እናንተም ይህን የምታነቡ፣ ያ ኪኒን ቤታችሁ ካለ ሰው ከሚተኛበት አውጡት፣ ለሚያውቅ ባለሙያ ስጡት። ልጆቻችሁ «ይህ ምንድር ነው?» ሲሏችሁ ስሙን ብቻ ነግራችሁ አትለፏቸው። የማታውቁ ከሆነ ደግሞ አላውቅም ማለት ምንም አያሳፍርም። እኔ ይህን ለመማር ልከፍል የነበረው የኔታን ነው።

የኔታ ከሐኪም ቤት በወጡ በሁለተኛው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ምእመናኑን አስቁመው «አስረስ ይንገራችሁ» አሉ። የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ለየኔታ ያልኩትን ጨምሮ። ሰዉ ተበትኖ ስወጣ አንድ ሰው ከበሩ ደረሰብኝ። አያ ሙላት የሚባሉ፣ በታችኛው መንደር የሚያርሱ ሰው ናቸው።

«አምና ትንሿ ልጃችን በተኛችበት ቀረች» አሉኝ። «ሳል ነው፣ ምች ነው ተባለ። ጆንያው ከመኝታዋ ሥር ነበር። ኪኒኑን የከተትሁት እኔ ነኝ። እሱ ነው?»

«አላውቅም አያ ሙላት» አልኩ። እውነቴን ነበር።

ሚስታቸው ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅልላ ከግድግዳው ሥር ቆማለች። የሰማችን መሰለኝ። ጠጋ አለችና፣ ባሏን ሳታይ፣ እኔን ብቻ እያየች ጠየቀችኝ።

«የኔታን አንተ ነህ ያወጣሃቸው አሉ። መርዙ ሰው ሲወስድ ያማል?»

የየኔታ ክፍል ውስጥ የነበረውን አይቻለሁ። የቧጠጡትን ግድግዳ፣ ያስመለሱበትን ወለል፣ ከመደቡ ወደ በሩ የተሳቡበትን መንገድ አይቻለሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መልሱን እያወቅሁ ዝም አልኩ።